ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ

ጠቅላላ ጉዳዩ ያስወጣኝ ስንዝር ተኩል አንጀት፣ የአንድ በጋ ንግድ፣ እና ሠላሳ ዓመት ያህል ተንከባክቤ ያቆየሁት አንድ ጠላት ነው። አንጀቱን ሐኪም ወሰደው። ንግዱን ሌሎች ወሰዱት። ጠላቴን ያሳጡኝ ግን መሪጌታ ይትባረክ ናቸው፤ እስካሁን የሚቆጨኝም እሱ ነው።

መሪጌታ ማረፋቸውን የሰማሁት አርብ ገበያ ከተማ፣ ከሱቄ በር ባቄላ ሳስመዝን ነው። መርዶ በወጉ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ይኼ መርዶ ነጋሪ ግን ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ እስኪደርስ ረፍዶበት ነበርና፣ ከሚዛኑ ማዶ እንደቆመ «መሪጌታ አርፈዋል» አለኝ። ሰውየው ያ ጠላቴ ነው። ኋላ እመጣበታለሁ።

መሪጌታ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሰው ነበሩ፣ የድጓ መምህር። ረዘም፣ ከሳ ያሉ፣ ከመቀመጣቸው በፊት መቀመጫውን ሦስት ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ የሚያራግፉ ሰው። ነገር ሲጠየቁ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ መልሱ የሚመጣው ዜማው ሲያልቅ ነው። «ስንት ነው? በቃ ውሰድ» ማለት ለለመደ ነጋዴ ይኼ ከጾም ይከብዳል። አንድ ቀን ቅዳሴ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቄያቸው፣ መልሱ ሲመጣ ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ሰውን ሁሉ የሚመድቡት በሦስቱ ዜማ ነበር። አንዱን ዕዝል ነው ይላሉ፣ ከባድ ነው ማለታቸው ነው። አንዷን አራራይ ናት ይላሉ፣ ለስላሳ ሆና ታስለቅሳለች ማለታቸው ነው። እኔን «ሞላ፣ አንተ ግዕዝ ነህ» አሉኝ። ቀጥ ያልክ፣ ደረቅ ሰው ነህ ማለታቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ትንሽ አንጎራጎሩና «ጀማሪም ይችልሃል» ብለው ጨረሱት።

የተዋወቅነው በኪንታሮት ነው። በእኛ አገር ከወገብ በታች የሚደማ ሁሉ ስሙ ኪንታሮት ነው፤ ሌላ ስም አልወጣለትም። እኔም ደም ባየሁ ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ስሙን አውቄዋለሁ። መጠየቅስ ማንን ይጠየቃል? አምሳ ዓመት የሞላው ሰው በጋይንት መሀል መቀመጫዬ ደማ ብሎ አያወራም። የሚያዋየው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም መድኃኒት የሚያውቅ ደብተራ።

መሪጌታ የአንድ ሥር ዱቄት በማር ለውሰው ሰጡኝ። ሰባት ማለዳ በባዶ ሆድ። ገንዘብ አይነኩም፤ የሚቀበሉት አንድ ጧፍ ብቻ ነው። የክርስትና ስምህን ይጠይቁሃል፣ በጸሎት ሊያስቡህ። ከዚያ «ደህና ነው፣ አትስጋ፣ ተመለስ» ይሉሃል። እኔም ተመለስኩ። ደሙም ጠፋ። ከወር በኋላ መጣ፤ እንደገና ሥሩ፣ እንደገና ጧፍ፣ እንደገና «ደህና ነው፣ ተመለስ»። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ተሻለኝ። ሁለት ወር ሥጋና ቅቤ የተወ ሰው ምኑ አይሻለው። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄድን። ከስቼ ልብሴ ሲሰፋብኝ ሰው «ንግዱ ነው የሚያስሮጥህ» አለኝ፣ እኔም አመሰግናለሁ አልኩ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የገበያ ቀን አንጀቴ ተዘጋ። ሚዛኑ ላይ ወደቅኩ። የገዢው ጭንቀት እኔ ሳልሆን ሚዛኑ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። በአውቶቡስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። ቀደዱኝ፣ ስንዝር ተኩል ቆርጠው ጣሉ፣ ሰፉኝ። ስነቃ አጠገቤ ካለው አልጋ ላይ አንድ ሰው በአፍንጫው ያንጎራጉራል።

«መሪጌታ?»

ዜማው እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

«ሞላ» አሉ።

«እርስዎ ምን ሆነው ነው?»

«አንተ የሆንከውን።»

«ሥሩን አልወሰዱም እንዴ?»

«ከአንተ እጥፍ ነው የወሰድኩት» አሉኝ። «የራሴ ነው ብዬ አልሰሰትኩም።»

ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን የራሱን ዕቃ የሚበላ ነጋዴ ብርቅ ነው። እኔ ነቀዝ ያለበትን ባቄላ ለገበያ አወጣለሁ እንጂ ለቤቴ አላስፈጭም። እሳቸው ለእኔ የሰጡትን፣ አምነውበት፣ እጥፍ አድርገው ውጠውታል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

የምታክመን አንዲት ወጣት ዶክተር ነበረች። ሁለታችንንም የያዘን የአንጀት ካንሰር መሆኑን፣ የእኔ በጊዜው ባይሆንም በመጨረሻው ሰዓት እንደተያዘ ነገረችኝ። የመሪጌታ ግን ጉበታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ነገረቻቸው። ስትወጣ «ይቺ ልጅ በአራራይ ነው የምታረዳ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ያቺው ዶክተር መርፌና ትንንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ለጥናት ደም ትፈልጋለች። ፈቃደኛ ከሆንን እንድንፈርም ወረቀት ሰጠችን።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ደም በነጻ አፍስሻለሁ» አልኳት። «የሚወስደው ሰው ከተገኘማ ምን ከፋኝ። ግን ምን ይፈለግበታል?»

«ሳይቶካይን የሚባል ነገር አለ አባቴ፣ እሱን እናይበታለን» አለች። «በሰውነታችን ውስጥ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። ዓይንም ጆሮም የላቸውም፤ የሚግባቡት ትንንሽ መልእክት እየተላላኩ ነው። መልእክቱ ነው ሳይቶካይን የሚባለው። አንዱ መልእክት ‹ኑ፣ ጠላት ገብቷል› ይላል። አንዱ ‹እዚህ ቁስል አለ፣ ጠግኑ፣ ተባዙ› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹በቃ፣ ደህና ነው፣ ተመለሱ› ይላል። ሦስቱም በየጊዜያቸው ያስፈልጋሉ።»

«ደላላ በይኛ» አልኳት። «ካንሰሩስ የማን ወገን ነው?»

ሳቀች። «ካንሰሩ መልእክቱን ለራሱ ያውለዋል። አንጀት ሲቆጣና ሲቆስል ‹ተባዙ› የሚለው ይበዛል፤ ያንን ሰምቶ የሚባዛው እሱ ነው። ‹ደህና ነው፣ ተመለሱ› የሚለውን ደግሞ ራሱም ይልካል፣ ሌሎችንም ያስልካል። ጠባቂዎቹ አጠገቡ ደርሰው ያልፉታል።»

ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አንድ ዓመት አርብ ገበያ ላይ የምስር ዋጋ ሊወድቅ ነው ተብሎ ተወራ፤ ገበሬው ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን አራገፈ። ምስሩ አልወደቀም። ማን እንዳስወራው አልናገርም፤ በዚያ ሳምንት ምስር ሲገዛ የዋለው ግን እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የካንሰሩን ሙያ አደነቅሁ። ነጋዴ ነው።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ዜማም የለም። ዶክተሯ ደማቸውን ቀድታ ከሄደች በኋላ ነው የተናገሩት።

«ሞላ፣ ‹ደህና ነው፣ ተመለሱ› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱማ ካንሰሩ ነው የሚለው፣ ዶክተሯ…»

«ለሠላሳ አንድ ሰው ብያለሁ። አንተን ሳልቆጥር።»

የክርስትና ስማቸውን በጸሎት ስለሚያነሡት አንዱም አልጠፋቸውም። ከቤተ ልሔም እስከ ሲማዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ እስቴ። ደም አይተው፣ ጧፍ ይዘው የመጡ፣ ሥር ይዘው የተመለሱ። ዶክተሯን አስጠርተው ጠየቋት። «የሚደማ ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ አብዛኛው ኪንታሮት ነው የሚሆነው» አለቻቸው። «የቱ እንደሆነ ግን ሳይታይ አይታወቅም። ቶሎ ከታየ ይድናል።» መሪጌታ የሰሙት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ስልክ አንድ ቀን ሠርቶ አሥር ቀን ይጠፋ ነበር። ቢሠራስ፣ ስለ መቀመጫው ጉዳይ በስልክ እየጮኸ የሚያወራ የጋይንት ሰው የታል? ስለዚህ ደብዳቤ ሆነ። አንድ ቄስ ዘመዳቸው ከሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ክፍል ነበራቸው፤ መሪጌታ ከአልጋ ሲለቀቁ እዚያ ተጠጉ። የእስክሪብቶ ቀለም ነፍስ የለውም እያሉ፣ በየመስመሩ እያረፉ፣ ሠላሳ አንዱንም በእጃቸው ጻፉ። አድራሹ እኔ ነኝ። በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ልወስድ ባሕር ዳር እመጣለሁ፣ በመሀሉ ደግሞ ነጋዴ ነኝና ገበያው ሁሉ መንገዴ ነው። እምቢ ለማለት ሞክሬ ነበር። «በየቀኑ በጸሎት አስብሃለሁ» አሉኝ። ከዚህ በላይ የሚያስገድድ ነገር ቢኖር እኔ አላውቅም።

የሲማዳውን የመጀመሪያ ሰው ወገዳ ገበያ ላይ አገኘሁት። ዐይናማ ቄስ ጠርቶ አስነበበው። ቄሱ ጀመሩ፦ «ለተከበርክ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ቤተ ሰቦችህ፣ ከብቶችህ፣ አዝመራው እንደምን ነው? እኔ የእግዚአብሔር ቸርነት አይለየኝና ከናፍቆትህ በቀር በጣም ደህና ነኝ…»

«ተመስገን» አለ ሰውየው፤ ደብዳቤውን ከቄሱ እጅ ወስዶ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

«ጀርባው ላይ አለ፣ ይነበብ እንጂ» አልኩ።

«ምን ይነበባል? ደህና ነኝ ካሉ ሥሩ ሠርቶላቸዋል። እኔም ጨርሼ ነበር፣ ይላኩልኝ በላቸው።» ጧፍ ሰጠኝ።

አነበብኩለት። ጀርባው ላይ «ወደ ጉዳዬ ስመለስ» ብለው ስለ ካንሰሩ የጻፉት እንዳለ አነበብኩለት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝና «ደህና ነኝ ብለው የለ? በጣም ደህና ነኝ ነው ያሉት» አለኝ። ሁሉም ዘንድ እንዲህ ሆነ። ሰላምታውን የሰማ ጉዳዩን አይሰማም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጧፍ ይዤ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ግን አንድ ታማሚ እንኳ ሳላገኝ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ጧፎቹን በመሪጌታ ብርድ ልብስ ላይ ደረደርኳቸው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሥር ይላኩልን ብለዋል።»

«አላነበቡትም?»

«አንብበውታል። እርስዎ በጣም ደህና ነዎት።»

ረጅም ዜማ አንጎራጎሩ። ከዚያ ክርክር ገጠምን። ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አይጻፍም፤ የተጻፈ ስድብ ነው ይላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዳዩት፣ እናት አባት የሞተበት ሰው እንኳ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«ታዲያ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ሰላምታ ነው ሞላ። ሰላምታ ውሸት አይደለም።»

«ወገዳ ያለው ሰውዬ ግን አምኖታል።»

ጧፎቹን አንድ በአንድ አነሡ፣ አንድ በአንድ አስቀመጡ። አሥራ አንዱም ሲያልቅ ወረቀት አቀብለኝ አሉ። የጻፉት ይኼን ነው፦

«ሥሩ አላዳነኝም። ያለብኝ የአንጀት ካንሰር ነው። አንተም ሳትቆይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ይትባረክ።»

መሪጌታ የሚለውን እንኳ ከፊርማው አውጥተውታል። ስማቸውን ሊያተርፉ እንዳልፈለጉ ገባኝ፤ ስም ደግሞ በቤተ ልሔም ቀላል ዕቃ አይደለም። ሠላሳ አንድ ጊዜ ጻፉት። ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። «አሁን እኔም ግዕዝ ሆንኩ» አሉኝ ሲሰጡኝ።

ሁለተኛው ዙር ሠራ፤ ማለትም ሰው ሁሉ ተቀየመ። «ምን በድያቸው ነው ሰላም እንኳ የነፈጉኝ?» ያለችኝ የጋይንት ሴት ደብዳቤውን ይዛ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሐኪም ቤት ሄደች። አንዱ ገበሬ «ይሄ ስድብ ካልሆነ መሪጌታ ሞተዋል ማለት ነው» አለና በዚያው ሳምንት ደብረ ታቦር ወረደ። ሁለት የሲማዳ ሰዎች ደግሞ ተቀይመውናል ብለው ሽማግሌ ይዘው ሊታረቁ ባሕር ዳር ድረስ መጡ። መሪጌታ ታረቋቸው። የእርቁ ካሣ ምን ነበር ቢባል፣ ሁለቱም እዚያው ዶክተሯ ዘንድ ገብተው መታየት ነበር።

አሁን ጠላቴ ጋ ደርሻለሁ።

ከደብዳቤዎቹ አንዱ ላይ «ለአቶ ደምሌ፣ መካነ ኢየሱስ» ይላል። ደምሌም እንደ እኔ የባቄላ ነጋዴ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል አንነጋገርም። የደብረ ታቦር ገዢዎች በተሰበሰቡበት «የሞላ ባቄላ ነቀዝ አለው» አለ። ነበረው። ግን እውነት መናገር ምን አመጣው? ደብዳቤውን ኮቴ ውስጠኛ ኪስ ከተትኩት። ልጥለው አላሰብኩም። ላደርሰውም አላሰብኩም። ወሩ የባቄላ ወር ነው፤ ሐኪም ቤት ቢገባም፣ ታሞ ቤቱ ቢውልም ከገበያ መውጣቱ አይቀርም፣ ለጠላቴ ለምን ደብዳቤ እሸከማለሁ? እንዲህ ነበር ሒሳቡ፤ አላሳምረውም።

ለኬሞ ስመለስ መሪጌታ ስም በስም ጠየቁኝ። ደምሌ ጋ ደረስን።

«ሰጠኸው?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ምን አለ?»

«አመሰግናለሁ አለ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዚያን ቀን ያንጎራጎሩትን ያህል ረጅም ዜማ ሰምቼ አላውቅም።

«ደምሌ አመሰግናለሁ አይልም» አሉ። «አሥር ጊዜ መጥቷል፤ ጧፉን ወርውሮልኝ ነው የሚሄድ።»

ደብዳቤውን ከኮቴ ውስጠኛ ኪስ አወጣሁት።

«አንተም ‹ደህና ነው፣ ተመለሱ› አልክ ማለት ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ዋጋ ነው፣ ከፍለህ ትወጣለህ።

በማግስቱ፣ ኬሞው ገና እያጥወለወለኝ፣ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ደምሌ ከመጋዘኑ ደጅ ተቀምጧል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አየሁ፤ እኔም እንደዚያው ቀዳዳ ስጨምር ነበር የከረምኩት። ደብዳቤውን ሰጠሁት። አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። እኔን አየ።

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«መሪጌታና እኔ።»

«ስንት ጊዜ ሆነው ከተጻፈ?»

«አንድ ወር።»

«አንድ ወር ኪስህ ውስጥ?»

«አንድ ወር።»

ራሱን ነቀነቀ። «በባቄላ ወር ከገበያ ልታወጣኝ ነው። ብልጥ ነህ። ደብዳቤውን ራስህ ነህ ያስጻፍከው፤ መሪጌታ ያለ ሰላምታ አይጽፉም።»

ለሠላሳ ዓመት ስለ እኔ የተናገረው ሁሉ ትክክል ስለነበር ይኼም ትክክል መሰለው። ሸሚዜን ገልጬ ከእምብርቴ በታች ያለውን ስፌት አሳየሁት። ሰው ያልፋል፣ ገበያተኛ ቆሞ ያያል።

«ይኼን ለባቄላ ብዬ አላስቀደድኩትም» አልኩት። «ብትሄድ አልወድም፣ ብትሞት አላዝንም። ግን ሂድ።»

«መጀመሪያ ሸሚዝህን ክተት» አለኝ።

በሳምንቱ ሄደ። ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አንጀቱን ብቻ ነው የያዘ፣ ከዚያ አልወጣም፤ ቆርጠው አወጡለት። ዶክተሯ ጥቂት ወር ቢቆይ ሌላ ነገር እናወራ ነበር አለችው። ከጥቂቱ ወር አንዱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

መሪጌታ ያረፉት ደምሌ ገና ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። ለዚያ ነው መርዶው በእሱ በኩል የመጣው። ሚዛኑ ማዶ ቆሞ ከነገረኝ በኋላ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ለሞላ ስጠው ብለውኛል» አለ። «እኔ በዚያው ሳምንት አደረስኩት።»

ባቄላው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። «ለተከበርክ ልጄ ለሞላ፣ እንደምን ከርመሃል? ቤተ ሰቦችህ፣ ንግድህ፣ አዝመራው እንደምን ነው? እኔ የእግዚአብሔር ቸርነት አይለየኝና ከናፍቆትህ በቀር በጣም ደህና ነኝ…» ገጹ እስከ ታች ሰላምታ ነው። ከቤቴ ሰው በስሙ ያልጠየቁት የለም፤ ሚዛኑን እንኳ ጠይቀዋል።

«ጀርባው ላይስ?» አለ ደምሌ።

ገለበጥኩት። ምንም የለም።

ደምሌ ባቄላውን በእፍኙ ዘግኖ አየው። «ነቀዝ አለው» አለኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እንደሚያዝን ሰው ነጠላውን አወረደ።

ደብዳቤ፣ ሠላሳ አንድ። ከመድረሱ በፊት የሞቱ፣ ሁለት። ደርሷቸው ያልሄዱ፣ አሥራ አራት። ሄደው ኪንታሮት የተባሉና እስከ ዛሬ እኔን የሚረግሙ፣ አሥራ አራት። ካንሰር ሆኖ በጊዜው የተያዘ፣ አንድ። መሪጌታ፣ የሉም። እኔ፣ ስንዝር ተኩል ጎድዬ አለሁ። ጠላት፣ የለኝም።